ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ወሎ ላይ፦ የትኛው ጎማ? የትኛው ቸርኬ?

ቸርኬ ሲተልቅ መኪና ያምራል፣ ማንም አይክድም። ደሴ ፒያሳ ላይ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ቴስላ ቢቆም ዞር ብሎ ሳያየው የሚያልፍ የለም። የሐረጎን ቁልቁለት ይዛችሁ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ግን መኪናውን መንገድ ላይ የሚያቆየው በየጎማው ሥር ያለች መዳፍ የምታክል ቦታ ናት። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ጉልበት ቢኖረው በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ምክሬን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ እኛ መንገድ ላይ ፍሬኑ እስከፈቀደ ድረስ ትንሹን ቸርኬ፣ ጎኑ ረጅም የሆነውን ጎማ ውሰዱ።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እንየው። ቴስላ ሞዴል 3 በ18 ኢንች ሲመጣ ጎማው 235/45 አር 18 ነው። 235 ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። 45 የጎኑ ቁመት ነው፣ ከስፋቱ 45 በመቶ ማለት ነው። 18 ደግሞ የቸርኬው ኢንች ነው። ስታሰሉት ጎኑ 106 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። የ20 ኢንቹ 235/35 ነው፣ ጎኑ 82 ብቻ። የሁለቱ የውጭ ቁመት ከሞላ ጎደል እኩል ስለሆነ ኪሎሜትር ቆጣሪው አይዛባም። የሚለየው ያ 24 ሚሊሜትር ላስቲክ ነው፤ ጉድጓድ ስትገቡ በመንገዱና በቸርኬው መሀል የሚቆመው እሱ ነው። ሲያንስ ቸርኬ ይጣመማል፣ ወይ የጎማው ጎን ውስጡ ተበጥሶ ያብጣል፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ አይጠገንም፣ ይጣላል።

ትልቁ ቸርኬ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ጎኑ አጭር ስለሆነ መሪው ቶሎ ይታዘዛል፣ ኩርባ ላይ መኪናው አይወላውልም። ግን ይሄ አስፋልቱ ልሙጥ ሲሆን ነው። የተቦጫጨቀ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ አጭሩ ጎማ ይነጥራል፣ የነጠረ ጎማ መሬት አይዝም። ከላይ ደግሞ ባትሪ ይበላል። በ2024 ሞዴል 3፣ ባለሁለት ሞተሩ ሎንግ ሬንጅ፣ የአሜሪካ ይፋዊ መለኪያ ባትሪው አንዴ ሲሞላ በ18 ኢንች 549 ኪሎሜትር፣ በ19 ኢንች 491 ነው የሰጠው። መኪናው ያው፣ ባትሪው ያው!

ከመግዛታችሁ በፊት የፍሬኑን ካሊፐር (ቸርኬው ውስጥ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን) ለኩ። ፐርፎርማንስ የሚባሉት ሞዴሎች ፍሬናቸው ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ቸርኬ ላይገባ ይችላል። የቦሎን ቀዳዳው ርቀትና ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክም መግጠም አለበት። «ትንሽ በሞረድ ይስተካከላል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሂሳባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ክብደት ሌላው ነገር ነው። «ሲል» የሚባለው የቢዋይዲ መኪና፣ ባለአራት ጎማ ሳቢው፣ ከዜሮ እስከ 100 በ3.8 ሰከንድ ይደርሳል፤ ግን 2.2 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከመጠኑ ቀጥሎ የምታዩት ቁጥር ጎማው የሚሸከመውን ይናገራል፦ 94 ማለት 670 ኪሎ፣ 98 ማለት 750 ኪሎ፣ ለአንድ ጎማ። የሾፌሩ በር ላይ ከተለጠፈው በታች የሆነ ጎማ በነፃም ቢሰጧችሁ አትግጠሙ። ይሄ ሁሉ ክብደትና ጉልበት ጎማ ይበላል፤ የኋላ ሳቢ ከሆነ የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ። ፊትና ኋላው እኩል መጠን ከሆነ በየ10,000 ኪሎሜትሩ አቀያይሩ። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያለው ግን ፊቱ 235፣ ኋላው 255 ስለሆነ ፊቱን ወደ ኋላ መውሰድ አይቻልም።

ዝናብ ላይ እንምጣ። እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ (ነዳጅ ባይኖረውም ሁላችንም ነዳጅ ነው የምንለው) ሞተሩ መልሶ ባትሪ እየሞላ መኪናውን ይይዛል። የሚይዘው ግን በሚነዱት ጎማዎች ብቻ ነው። የኋላ ሳቢ ይዛችሁ እርጥብ ቁልቁለት ኩርባ ላይ እግራችሁን በድንገት ብታነሱ የሚጎተተው ኋላው ነው፣ ጥርሱ ካለቀ ደግሞ ይንሸራተታል። ሁለት ጎማ ብቻ የምትገዙ ከሆነ አዲሶቹ ኋላ ይግቡ። ባትሪውንም ደሴ ላይ 100 ሞልታችሁ አትውረዱ፤ የሚገባበት ቦታ ሲያጣ ያ የሞተር ፍሬን ይደክማል፣ ቁልቁለቱን በሙሉ በእግር ፍሬን ትወርዱታላችሁ። ለስፖርት የተሠራ ለስላሳ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል፣ የታኅሣሥ ማለዳ ደሴ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ለሁሉም ወቅት የሚሆነውን ብትይዙ ይሻላል።

ስለ ንፋስ ብዙ ክርክር አለ። «ቆላ ስትወርድ ንፋስ ቀንስ» ይላሉ። አብሽሩ፣ አያስፈልግም። ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርዱ የውጩ አየር ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው ቁጥር) ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ ወደ 1 ገደማ ይጨምራል። ተጣፉ። ወደ ሚሌ፣ ወደ አፋር ቆላ ስትወርዱ መቀነሱም መጨመሩም ይበልጣል፣ ግን አሁንም ይቀራረባሉ። ጠዋት መኪናው ሳይነዳ፣ በሩ ላይ በተጻፈው ልክ ሙሉ፣ አለቀ። ነድታችሁ የሞቀ ጎማ ላይ ንፋስ ማስቀነስ ግን ስህተት ነው፤ ሲበርድ ከልኩ በታች ይሆናል።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ከመኪናው አጠገብ አትራቁ። ባትሪው ሥሩ ላይ ነው፣ ክሪኩ ከተፈቀደለት ቦታ ውጭ ከገባ ጉዳቱ የጎማ ዋጋ አይደለም። ብዙዎቹ ጎማዎች ውስጣቸው ድምፅ የሚቀንስ ስፖንጅ ስላላቸው ቀዳዳው ሲለጠፍ እሱን በጥንቃቄ ማንሳት ያስፈልጋል፣ ቀድማችሁ ንገሩት። ብዙዎቹ መኪኖች ስኮርታ ስለሌላቸው፣ ወልዲያም ላሊበላም ስትሄዱ ቢያንስ የንፋስ መሙያ ያዙ። አዲስ ጎማ ስትገዙ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለችውን አራት አሃዝ እዩ፦ 2324 ከሆነ በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ዓመቱ የራቀ ከሆነ አዲስ ቢመስልም ተዉት። ከተገጠመ በኋላ 100 ኪሎሜትር ያህል ነድታችሁ ቦሎኖቹን በልካቸው ድጋሚ አስጠብቁ።