ያገለገለ ቤዝ ስትገዙ ከቀለሙ በፊት አንገቱን
እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣውን የፌንደር ኩባንያ ፕሪሲዥን ቤዝ ዓይነት መልክ ያለው ያገለገለ ቤዝ ጊታር ልትገዙ ከሆነ፣ የተላጠ ቀለም አያታልላችሁ፤ ሆን ተብሎ ተልጦ የሚሸጥ አዲስም አለ። እንደ ጠመንጃ በአንድ ዓይን አንገቱን አነጣጥሩ። ትንሽ መጉበጡ ችግር የለውም፤ ከተጠማዘዘ ግን ተዉት። በድሮው አሠራር የትረስ ሮዱ (የአንገቱን ጉብጠት የሚያስተካክለው በውስጡ ያለ የብረት ዘንግ) ብሎን ያለው አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገጥምበት በኩል ስለሆነ፣ ለማስተካከል ብዙ ጊዜ አንገቱ መፈታት አለበት። እኔ ሳላስፈታ ገዝቼ ቤት ስከፍተው ብሎኑ ለካ እስከ መጨረሻው ጠብቆ፣ ከዚያ በላይ የማይጠብቅ ሆኖ ኖሯል! ሻጩ እዚያው ፈትቶ ያሳያችሁ። ከዚያ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተሰካ የብረት መስመር) ላይ ክሩን ነካ ብቻ አድርጋችሁ የሚወጣውን ድምፅ፣ ተጭናችሁ ከሚወጣው ጋር እኩል መሆኑን በቲዩነር (በቅኝት መለኪያ) አስተያዩ። ቮልዩሙ ሲዞር ቢንኮሻኮሽ ግን አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይመቻል።