በቤት አኳሪየም ውስጥ ኮራልንና ክላምን መለየትና ፎቶ ማንሳት

ኮራልን፣ ማለትም በባሕር ውስጥ በአንድ ቦታ ተጣብቆ የሚኖረውን እንስሳ፣ ለመለየት የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ከቀለሙ ስለሚጀምር ነው። ቀለም እንደ መብራቱ፣ እንደ ውኃው ይዘትና በኮራሉ ሥጋ ውስጥ እንደሚኖሩት ደቂቅ አልጌዎች ብዛት ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ገንዳ ቡናማ የነበረው ኮራል በሌላ ገንዳ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ቅርጹ ይታይ። ለምሳሌ ሐመር፣ ቶርችና ፍሮግስፖን የሚባሉት ኮራሎች የድንጋይ አጽማቸው በጣም ስለሚመሳሰል የሚለዩት በዘርፎቻቸው፣ ማለትም ከአካላቸው በሚወጡት ጣት መሰል የሥጋ ክሮች፣ ጫፍ ነው፤ የሐመር ጫፍ እንደ መዶሻ ወይም እንደ መልሕቅ ወደ ጎን ይሰፋል፣ የቶርች ዘርፍ ረጅም ሆኖ በአንድ ክብ ጫፍ ያበቃል፣ የፍሮግስፖን ደግሞ ቅርንጫፍ አውጥቶ ብዙ እብጠቶች ይይዛል።

ትሪዳክና በሚባሉት ክላሞች፣ ማለትም ሁለት ክፍል ዛጎል ባላቸው የባሕር እንስሳት፣ ዘንድ ግን የሚታመነው ምስክር ዛጎሉ ነው። ከዝርያዎቻቸው መካከል ስኳሞሳ ተራርቀው የወጡ ሰፋፊ ቅርፊቶች ሲኖሩት የዴራሳ ዛጎል ለስላሳ ነው። ማክሲማና ክሮሲያ ከላይ ሲታዩ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ክሮሲያ በዛጎሉ ሥር ሰፊ ቀዳዳ ስላለው፣ ክላሙ ገና ሲገዛ፣ ከድንጋይ ጋር ሳይጣበቅ በፊት፣ ሥሩን ፎቶ ማንሳት ይበጃል። ከተጣበቀ በኋላ ጎትቶ ማላቀቅ የሚይዝበትን አካል ቀድዶ ሊገድለው ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ።

ፎቶውን ለማንሳት ሰማያዊው መብራት ተቀንሶ ነጩ ይጨመር፤ ይህ ካልተቻለ በሌንሱ ፊት ብርቱካናማ ማጣሪያ ይደረግ። መስታወቱ ይጽዳ፣ የክፍሉ መብራት ይጥፋ፣ ፓምፑም ለጥቂት ደቂቃዎች ይቁም። ሌንሱ ከመስታወቱ ጋር ፊት ለፊት መሆን አለበት፤ ካሜራው አግድም ካዘነበለ ብርሃኑ በመስታወቱና በውኃው ውስጥ ስለሚታጠፍ ምስሉ ይደበዝዛል። ዘርፎቹ የሚወዛወዙ ከሆነ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ከሰከንድ 1/200 ባይዘገይ እመርጣለሁ።

ክላም ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በሥጋው ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ብዙ ጥቃቅን ዓይኖች የጥላን መምጣት ስለሚያውቁ፣ እጅ ወይም ካሜራ ድንገት ብርሃኑን ሲጋርድበት ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ከጎን በዝግታ ቀርቦ እስኪከፈት መጠበቅ ያስፈልጋል። ውበቱ የሚታየው ከላይ ነው፤ ብርሃን የሚያንጸባርቁት ሕዋሳቱ ወደ ላይ ስለሚያበሩ፣ ከጎን ደብዛዛ የመሰለው ክላም ከላይ ሲታይ ሰማያዊና ወርቃማ ሆኖ ይገኛል። የውኃው ገጽ እንዳይረብሽ ግርጌው ግልጽ የሆነ ሣጥን ገጹ ላይ አስቀምጦ በእርሱ ውስጥ ማንሳት ይቻላል።

ለመለያ የሚሆኑ ፎቶዎች ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፦ ሙሉ አካሉ፣ የዘርፉ ወይም የሥጋው ጠርዝ በቅርብ፣ እንዲሁም አጽሙ ወይም ዛጎሉ። የመብራቱም ሁኔታ ከቀኑ ጋር ይመዝገብ።