ደረቀ ማለት በሰለ ማለት አይደለም፦ የዶሮ ኩስ በቲማቲም ማሳ

ችግኙ ከተተከለ በሳምንቱ የታች ቅጠሎቹ ዳር ዳሩን ቡናማ ሆነው ይደርቃሉ፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቀትር ላይ ይጠወልጋል

ደጋግሞ የሚመጣው ችግር ይህ ነው። ውሃ አንሶት ነው ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት የአንዱን ችግኝ ግንድ ከሥሩ ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡና ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ወተት ያለ ክር ከወረደ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው፤ ተክሉን ነቅላችሁ ከማሳው አርቁ። ውሃው እንደጠራ ከቆየ ሥሩን እዩ። ነጭ መሆን የነበረባቸው ቀጫጭን ሥሮች ጫፋቸው ከጠቆረ ያቃጠለው ኩሱ ነው።

ምክንያቱ ኩሱ አለመብሰሉ፣ ማለትም ተከምሮ በሙቀት ተብላልቶ አለመፍረሱ ነው። ሻጩ “ዓመት የቆየ ነው” ይላል፤ ገበሬውም ደርቆና ሽታው ጠፍቶ ሲያየው ያምናል። ፀሐይ ያደረቀው ኩስ ግን ውሃ ሲነካው እንደገና ነቅቶ አሞኒያ ይለቃል፤ ጨዉም ሥሩ ውሃ እንዳይስብ ያደርገዋል። ከዶሮ ቤት ተጠርጎ በቀጥታ ጆንያ ውስጥ የገባ ኩስ ማዳበሪያ ተብሎ መሸጥ አልነበረበትም!

ሳትፈትኑ አትጠቀሙ። አንድ እፍኝ አርጥባችሁ በፌስታል ቋጥሩና 3 ቀን ሙቀት ያለበት አስቀምጡት፤ ሲፈታ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለው አልበሰለም። ከዚህም የሚሻለው ፌጦ ነው፦ አንድ እጅ ኩስ ከሦስት እጅ አፈር ቀላቅላችሁ 10 ፍሬ ዝሩ፣ ባዶ አፈር ላይም 10። በ5 ቀን ኩስ ባለበት ላይ የበቀለው በግልጽ ካነሰ ችግኛችሁንም እንዲሁ ያደርገዋል።

የተቃጠለውን ለማትረፍ ኩሱን ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁ፤ በዶማ ግን አትቆፍሩ። ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት ጨዉ ወደ ታች እንዲወርድ በደንብ አጠጡ። መሬቱ ውሃ የሚቋጥር መረሬ ከሆነ መጀመሪያ ማፋሰሻ ቦይ ክፈቱ። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ዩሪያ አታስጠጉት። ግንዱ አፈር በሚነካበት የጠቆረ አይድንም።

ለማብሰል አንድ ጆንያ ኩስ ከሁለት ጆንያ ጭድ ጋር ቀላቅላችሁ 1 ሜትር ያህል ከምሩ፤ ሰጋቱራ ያለው ከሆነ ጭዱን ቀንሱ። እርጥበቱ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ የሚወጣው ይሁን። ፌሮ ሰክታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስታወጡት እጅ ካቃጠለ እየበሰለ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ የውጪውን ወደ ውስጥ አገላብጡ፣ ከዚያ ሸራ አልብሳችሁ ቢያንስ 1 ወር ተዉት። አመድ እንዳትጨምሩ፤ ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ያበረዋል።

የበሰለው ኩስ መጠን በካሬ ሜትር 1 ኪሎ፣ ለሄክታር 100 ኩንታል ነው። ከተከላ 2 ሳምንት በፊት ከአፈር ጋር ይቀላቀል።

ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ አበባው ጥቂት

ናይትሮጅን በዝቷል። ኩሱንም ዩሪያውንም አቁሙ።

የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ሲጎደጉድ

ካልሲየም ፍሬው ድረስ አልደረሰም፤ የበዛ ኩስና የተዘበራረቀ ውሃ ያመጡታል። ውሃውን በእኩል ቀን ልዩነት ስጡ።

የታች ቅጠሎች ቢጫ፣ ዕድገቱ የቀጨጨ

ያልበሰለ ሰጋቱራ ናይትሮጅኑን ይዞበታል። ጥቂት ዩሪያ ከግንዱ አርቃችሁ ስጡ።

ጥሬ ኩስ ሳልሞኔላ የተባለ ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ለቀማው 4 ወር ሲቀረው ካልሆነ ማሳ አይግባ። ቲማቲም ደግሞ ከተተከለ በ3 ወር ገደማ ይለቀማል። ስለዚህ ከተከላ በኋላ ጥሬ ኩስ የሚጨመርበት ቀን የለም፤ በውሃ በጥብጦ መርጨትም ያው ነው።