የብረትና የቫይታሚን የደም ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

ወረቀቱን ስትቀበሉ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ላይ ነው። እሱ ደህና ስለሆነ ብቻ «ብረቴ ሙሉ ነው» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሄሞግሎቢን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ጓዳ ውስጥ ያለው የብረት ክምችት ሲሆን እሱን የሚያሳየው ፌሪቲን (ብረት የሚያከማች ፕሮቲን) ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤናማ አዋቂ ፌሪቲን ከ15 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ የብረት እጥረት አለ ይላል። ችግሩ፣ ኢንፌክሽን ካለ ፌሪቲን ራሱ ከፍ ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ትኩሳት ላይ ከርማችሁ 60 ቢመጣ፣ ያ 60 ሊዋሻችሁ ይችላል። ሐኪሙን ሲአርፒ (ሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት እንዳለ የሚጠቁም የደም ምርመራ) አብሮ ይታይ እንደሆነ ጠይቁት። «የደም ብረት» የሚለውን ቁጥር ደግሞ ብቻውን አትመኑት፤ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል።

ቫይታሚን ዲ ላይ ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን እዩ። 20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር እና 50 ናኖሞል በሊትር አንድ ናቸው (በዚህ በከንቱ የሚደነግጥ አይጠፋም)። ማግኒዚየም? ከሰውነታችን ማግኒዚየም ደም ውስጥ ያለው 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ደህና ቢሆንም እጥረት ሊኖር ይችላል።

ለፀጉር ብላችሁ ባዮቲን (ቫይታሚን ቢ7) የምትወስዱ ካላችሁ፣ ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ፤ አንዳንድ ምርመራዎችን ያዛባል።