ሐኪም ፓርክ ሲያዝ፦ ዲኤምቪ ላላችሁ ሐበሾች

ዲኤምቪ፣ ማለት ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ በተለይ እናት አባት ከአገር ቤት አምጥታችሁ አፓርትመንት ውስጥ ልጅ የሚጠብቁላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ሌሊት ሺፍት እየሠራችሁ ቀኑን በእንቅልፍ የምታሳልፉ፣ ይሄ ለናንተ ነው። ድብርት ሲጫናችሁ ሐኪም ልክ እንደ መድኃኒት ፓርክ መሄድንም በወረቀት ሊያዝላችሁ ይችላል። እንደውም ነገሩ ቀድሞ ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ይቺው ዲሲ ናት። ዶክተር ሮበርት ዛር የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ዩኒቲ ሄልዝ ኬር ሲሠሩ፣ ማለት ብዙው ታካሚ ገቢው ዝቅ ያለ የሆነበት ክሊኒክ፣ 350 ገደማ የአካባቢውን ፓርኮች አስመዝግበው ሐኪሞች ለታካሚው የሚቀርበውን መርጠው እንዲያዙ አደረጉ፣ በ2017 ደግሞ ፓርክ አርኤክስ አሜሪካ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ካናዳም በ2020 ጀምራለች፣ እዛ የሚታዘዘው በሳምንት 2 ሰዓት ነው፣ አንዴ ሲወጣ ከ20 ደቂቃ እንዳያንስ።

ግን አንድ ነገር እንግባባ፣ «ወጣ ብለሽ ተናፈሺ» ማለት ማዘዣ አይደለም። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው፣ መኪና ለሌለው፣ መንገዱን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ መሸኘት ምንም አላደረገም። የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ተሄዶ፣ ከማን ጋር የሚለው ሲጻፍ ነው ማዘዣ የሚሆነው።

መጀመሪያ ክሊኒክ። ለመደበኛው አፖይንትመንት ስትሄዱ እናንተው አንሱት፣ «ፓርክ የመሄድ ማዘዣ ይጻፍልኝ» በሉ። ሐኪሙ ባያውቀው እንኳን ነርሷ ወይ ሶሻል ወርከሯ ልታግዝ ትችላለች፣ ወረቀት ላይ በእጅ ቢጻፍም ይበቃል። አስተርጓሚ ደግሞ በነፃ ጠይቁ፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ማቅረብ ግዴታው ነው። እባካችሁ ልጅ አታስተርጉሙ! እናት በልጇ ፊት «አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል» አትልም፣ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብላ ትወጣለች። ብዙ እናቶቻችን ደግሞ ድብርቱን በስሙ አይጠሩትም፣ ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምግብ አስጠላኝ ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ቀኑን ሙሉ ቤት እንደሚውሉ ጭምር እንዲነገር አድርጉ።

አሁን ማዘዣው ምን ይምሰል? ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ እናት እንዲህ ቢጻፍ ጥሩ ነው፦

«ስላይጎ ክሪክ፣ ከቤት በእግር። ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ፣ በሐበሻ 4 ሰዓት ላይ፣ ለ30 ደቂቃ። ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከጎረቤት ጋር። ከደከመዎት ወንዙ ዳር ወንበር ላይ ቁጭ ይበሉ፣ እሱም ይቆጠራል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ፓርክ ሲባል ስፖርት እየመሰላቸው ነው የሚቀሩት። ቁጭ ብሎ ውሃውን ማየት፣ ዛፍ ስር ዳዊት መድገም፣ ከጓደኛ ጋር ቡና በፔርሙዝ ይዞ ሄዶ መጫወት፣ ሁሉም ይሆናል።

ቦታ ስትመርጡ ውበቱን ሳይሆን ቅርበቱን እዩ፣ ሽንት ቤትና መቀመጫ እንዳለው ደግሞ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ሮክ ክሪክ መግቢያ አይከፈልም፣ ቢች ድራይቭ ላይኛው ክፍል ለመኪና ዝግ ስለሆነ አስፋልቱ ላይ በሰላም ይኬዳል፣ ጋሪም ይገፋበታል። ናሽናል አርቦረተምም ነፃ ነው። ግሬት ፎልስ ግን በመኪና ስትገቡ ያስከፍላል።

ሰዎች የሚቀሩበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የማይነገር ፍርሃት ነው። ውሻ አንዱ ነው፣ ትልልቅ ሰዎቻችን ውሻ አይወዱም፣ ስለዚህ ውሻ ያለ ገመድ ከሚለቀቅበት አጥር ራቁ። መጥፋትም ያስፈራል፣ እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት አብራችኋቸው ሂዱ፣ ሁልጊዜ በአንድ በር ግቡ፣ ስልካቸው ላይ ሎኬሽን አብሩላቸው። መዥገር የምር ነገር ነው፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች፣ ከመንገዱ ወጥቶ ረጅም ሣር ውስጥ አለመግባት፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ ጉልበት ጀርባና ብብት ማየት። ክረምት ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ስትሞቅ ይወጣ፣ በረዶ ግግር ካለ ይቅር።

ሌሊት ለምትሠሩ ደግሞ፣ የእረፍት ቀናችሁን አንዷን ብቻ ያዙ። ኡበር የምትነዱ፣ በሁለት ራይድ መሃል መኪናውን ፓርክ ዳር አቁማችሁ ስልኩን ውስጥ ትታችሁ 20 ደቂቃ ውጡ።

ይሄ ሁሉ ግን ሰፈሩ ላይ ዛፍ ሲኖር ነው፣ ኪራይ ርካሽ የሆነበት ሰፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ አስፋልት ብቻ ነው። ፊላደልፊያ ላይ 541 ባዶ ቦታዎችን ወስደው አንዳንዶቹን ቆሻሻውን አንስተው ሣርና ዛፍ ተከሉባቸው፣ ሌሎቹን እንዳሉ ተዉአቸው። በ2018 የወጣው ውጤት፣ ከድህነት ወለል በታች በሆኑት ሰፈሮች አረንጓዴ የተደረገበት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ድብርት ይሰማናል ማለታቸው ካልተነካው ጋር ሲነጻጸር 68 በመቶ ቀነሰ። ያው ገንዘብ የሌለው ሰው ነው አብልጦ የሚጠቀመው። ስለዚህ የሰፈር ስብሰባ ሲጠራ ሄዳችሁ ዛፍ፣ መብራትና ወንበር ጠይቁ። ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ያለ የሕፃናት ሆስፒታል ቤተሰቦችን መኪናና ምግብ አዘጋጅቶ፣ ሐኪም ጨምሮ ፓርክ ይወስድ ነበር። እኛም ቤተክርስቲያኑ ወይ መስጊዱ ቫን ካለው፣ እድሩም ካለ፣ በወር አንዴ ሽማግሌዎቹን መውሰድ አያቅተንም።

መድኃኒት የጀመረ ሰው ፓርክ ጀመርኩ ብሎ ኪኒኑን በራሱ እንዳያቆም፣ ይሄ ከመድኃኒቱ ጋር ነው እንጂ በሱ ፋንታ አይደለም። መኖር አስጠላኝ፣ ራሴን ላጥፋ የሚል ሀሳብ ከመጣ ደግሞ ፓርክ አይጠበቅም፣ በማንኛውም ሰዓት 988 ይደወል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

በሚቀጥለው አፖይንትመንት ማዘዣውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የተወጣበትን ቀን ምልክት አድርጉበት። ባዶ ከሆነ «ሰነፉ» አትበሏቸው፣ ሰዓቱ አልመች ብሎ ነው ወይስ ብቻቸውን ሆነው ነው ብላችሁ ጠይቁና ሐኪሙ አስተካክሎ እንደገና ይጻፈው።