የቺፕ አምራች የገበያ ድርሻ ክርክርን እንዴት መመዘን ይቻላል?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ኮምፒውተር የሚወዱ ወጣቶች ሲሰባሰቡ የሁለቱ የኮምፒውተር ቺፕ አምራቾች፣ የኤኤምዲና የኢንቴል ክርክር አይጠፋም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ወሬው ወደ አክሲዮን ዞሯል። «ኤኤምዲ ገበያውን ሊጠቀልለው ነው» ይላል አንዱ። «ከዚህ በላይ አያድግም» ይላል ሌላው። ወገን ከመያዝዎ በፊት ነገሩን እንዲህ ይመርምሩት።

መጀመሪያ «የምኑ ድርሻ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙው ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ያልቃል። የዴስክቶፕ፣ የላፕቶፕና የሰርቨር (ለድርጅቶችና ለኢንተርኔት አገልግሎት የሚውሉ ኮምፒውተሮች) ገበያ ለየብቻ ነው። በቺፕ ብዛት መቁጠርና በገቢ መለካትም ይለያያል። መርኩሪ ሪሰርች የተባለው አጥኚ ድርጅት እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ኤኤምዲ ከሰርቨር ገበያው በብዛት 27 በመቶ ገደማ፣ በገቢ ግን 39 በመቶ ገደማ ይዞ ነበር። የቢቸናን ነጭ ጤፍ የጫነ ነጋዴ ሰርገኛ ከጫነው ባነሰ ኩንታል የበለጠ ብር ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ይህም እንደዚያው ነው። ለባለ አክሲዮን የሚጠቅመው የገቢው ቁጥር ነው ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ማን ሳይቆጠር እንደቀረ ይዩ። ይህ መለኪያ የሚያወዳድረው ኤክስ86 በሚባለው ንድፍ፣ ኢንቴልና ኤኤምዲ በሚጠቀሙበት፣ የተሠሩትን ፕሮሰሰሮች ነው። አማዞን ለራሱ ዳታ ሴንተር የሚያሠራው ግራቪተን የተባለ ቺፕ ግን አርም በሚባል ሌላ ንድፍ ነው። ኤኤምዲ ከኢንቴል ላይ ሲወስድ፣ ከሁለቱም ላይ የሚወስድ ሦስተኛ ወገን አለ ማለት ነው።

ከዚያ ማን እንደሚያመርትለት ያጣሩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2009 ፋብሪካዎቹን ለይቶ ሌላ ኩባንያ አድርጓቸዋል። ዛሬ ዋና ዋና ቺፖቹን የሚያመርትለት የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። አፕልና ኤንቪዲያም ወረፋ የሚይዙት እዚያው ነው። ገዢ ቢጎርፍ እንኳ ወረፋው ካልተገኘ ድርሻው አያድግም። ኢንቴል የራሱ ፋብሪካዎች አሉት። ለኤኤምዲ በር የተከፈተለትም 10 ናኖሜትር የተባለው የኢንቴል አዲስ የአመራረት ዘዴ ለዓመታት ስለዘገየ ጭምር ነው።

የኋላውንም ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኤኤምዲ የሰርቨር ድርሻ ሩብ ገደማ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤፒክ የተባለውን የሰርቨር ቺፕ ይዞ ሲመጣ ግን ከ1 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። «ማደጉ አይቆምም» የሚልዎትን ሰው፣ ያኔ ለምን ቆመ ብለው ይጠይቁት።

በመጨረሻ ዋጋውን ያስቡ። ድርሻው ቢያድግም፣ ገበያው ያንን አስቀድሞ ጠብቆ አክሲዮኑን አስወድዶት ከሆነ ዘግይቶ ለሚገዛው ብዙ አይተርፈውም።