የአካባቢ ዝግጅቶችን የሚያስተዋውቁ ድረ ገጾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎጃም ከተሞች፣ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራና በሞጣ ዐውደ ርዕይ፣ የመጽሐፍ ምረቃ፣ ስፖርታዊ ውድድር፣ ጉባኤና የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ሲካሄድ፣ የከተማው ነዋሪ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚከፈቱ ድረ ገጾች በጅምሩ ጎብኚ ያገኛሉ፤ ጎብኚውን ግን ይዘው አይዘልቁም። አዘጋጆቹ ምክንያቱን በማስታወቂያ ማነስ ሲያሳብቡ ይሰማል። በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ አንባቢ ተመልሶ የሚመጣው የተነገረውን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አምኖ ሲሄድ ዝግጅቱን በቦታው ካገኘው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ይህን እምነት የሚሸረሽሩ ናቸው።

ቀንና ሰዓትን ለግምት መተው

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። «ቅዳሜ በ2 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ጠዋት ይሁን ማታ አይለይም። የዝግጅት ማስተዋወቂያ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የተሠሩት ቀኑ ከእኩለ ሌሊት በሚጀምርበት አቆጣጠር በመሆኑ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚጀምር የመጽሐፍ ምረቃ በሳጥኑ ውስጥ እንዳለ 8:00 ተብሎ ከተሞላ፣ የአንባቢው ስልክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ያስታውሰዋል። ትክክለኛው አሞላል 14:00 ነው፤ ለአንባቢው የሚታየው ጽሑፍ ግን «ከቀኑ 8 ሰዓት» መሆን አለበት።

የቀን ልወጣም እንዲሁ ያሳስታል። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ሲከበር በአብዛኛው ዓመት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ይውላል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ በሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ ግን ወደ ጃንዋሪ 20 ይሸጋገራል፤ በእኛ አቆጣጠር በ2012 እና በ2016 የሆነው ይህ ነው፣ በ2020ም ይደገማል። በእንጅባራ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ጉዳቱን በግልጽ ያሳያል። በዓሉ በሌሎቹ ዓመታት ጃንዋሪ 31 ላይ ሲውል፣ በዘመነ ዮሐንስ ፌብሯሪ 1 ይሆናል፤ ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ገጽ ቀድቶ የለጠፈ አዘጋጅ ቀኑን መሳሳቱ ብቻ ሳይሆን ዝግጅቱን በሌላ ወር ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከሩቅ መጥቶ ማደሪያ የሚይዘው እንግዳም በተሳሳተው ቀን ይይዛል። መፍትሔው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መዝግቦ ልወጣውን ለፕሮግራሙ መተውና ለአንባቢው ሁለቱንም ጎን ለጎን ማሳየት ነው።

ፖስተር ለጥፎ መተው

አዘጋጆች በቴሌግራም የሚልኩትን ፖስተር እንዳለ መለጠፍ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ይሁንና በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ በድረ ገጹ የፍለጋ ሳጥን አይገኝም፣ ማየት ለተሳነው ሰው በስልኩ አይነበብለትም፣ በካርድ ዳታ የሚጠቀመውን ሰው ደግሞ ገንዘብ ያስወጣዋል። የዝግጅቱ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የመግቢያ ዋጋና የአዘጋጁ ስልክ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ፖስተሩ በአነስተኛ መጠን ከሥር ይከተል። ርዕሱም ቀኑንና ከተማውን ይያዝ፤ ሊንኩ በቴሌግራም ቡድን ሲጋራ ብዙው ሰው ገጹን ሳይከፍት የሚያየው ርዕሱን ነውና። በገጹ ኮድ ውስጥ የስኪማ ዶት ኦርግን (የገጽን ይዘት ለፍለጋ ፕሮግራሞች የሚያስረዳ የጋራ አጻጻፍ) የዝግጅት መግለጫ ማስገባትና ሰዓቱን ከኢትዮጵያ የሰዓት ክልል (+03:00) ጋር መጻፍ ደግሞ ጉግል ገጹ የዝግጅት ገጽ መሆኑን እንዲረዳ ይጠቅማል።

ፍለጋው አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ እንዲያውቅ ማድረግ

አንዱ «ባሕር ዳር» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ባህር ዳር»፤ አንዱ «ደብረ ማርቆስ»፣ ሌላው «ደብረማርቆስ»፤ አንዱ «እንጅባራ»፣ ሌላው «እንጂባራ»፣ ሌላውም «ኮሶበር» ይላል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ስለሚያይ፣ ዝግጅቱ በድረ ገጹ ላይ እያለ ፈላጊው «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ይደርሰዋል፤ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠውም ጥቂት ሰው ነው። ፕሮግራመሩ በፍለጋው መዝገብ ውስጥ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንዲያጠቃልል፣ በቃላት መካከል ያለውንም ክፍተት እንዲያልፍ ይጠየቅ። ለአንባቢው የሚታየው ጽሑፍ ግን በትክክለኛ ፊደሉ ይቆይ። ሥራው አነስተኛ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ችላ መባሉ ያሳዝነኛል።

ባሕር ዳርን ብቻ ጎጃም ማድረግ

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የቢቸና ነዋሪ ድረ ገጹን ደጋግሞ ከፍቶ የጣና ዳር ዝግጅቶችን ብቻ ካየ፣ ገጹ ለእርሱ እንዳልተሠራ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። በየከተማው አንድ መምህር ወይም የወጣት ማዕከል ሠራተኛ ወኪል ማድረግ፣ ዝርዝሩንም በከተማ መለየት ያስፈልጋል። ቦታ ሲጠቀስም «በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ በየትኛው ከተማ እንደሆነ፣ ከመናኸሪያው በየት በኩል እንደሚኬድና ባጃጅ እስከ በሩ ይደርስ እንደሆነ መጻፍ ይገባል።

ሲራዘም ዝም ማለት

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር፣ በጸጥታው ችግርም ዝግጅቶች እየተሰረዙና እየተራዘሙ እንደቆዩ የክልሉ ሰው ያውቃል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ መራዘም የማንም ጥፋት አይደለም፤ አለመናገር ግን ጥፋት ነው። ከደምበጫ ተሳፍሮ መጥቶ የተዘጋ አዳራሽ ያገኘ ሰው አዘጋጁን ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያውን ያነበበበትንም ገጽ ይቀየማል። ስለዚህ ዝግጅቱ ሲራዘም ገጹን ማጥፋት አይገባም፤ በዚያው ገጽ አናት ላይ «ተራዝሟል» ተብሎ አዲሱ ቀንና ማስተካከያው የተደረገበት ሰዓት ይጻፍ። ከዋዜማው አንድ ቀን በፊት ለአዘጋጁ ደውሎ ማረጋገጥና «ተረጋግጧል» የሚል ምልክት ማኖር፣ ኔትወርክ ሲዳከም ደግሞ አስቀድመው ለተመዘገቡ ሰዎች አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ፣ ከየትኛውም የፌስቡክ ማስታወቂያ በላይ ተከታታይ ያጸናል።

ያለፈውን ዝግጅት መደምሰስ

በየዓመቱ ለሚመለስ በዓል በየዓመቱ አዲስ ገጽ መክፈት ያለፈውን አድራሻ የያዙ ሰዎችን ይበትናል። አንድ ቋሚ ገጽ ይኑር፤ ቀኑ ይታደስ፣ ያለፈው ዓመት ፎቶግራፍና የተሳታፊዎች አስተያየት ከሥር ይቆይ። በዓሉን ያላየ ሰው ለመሄድ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይህን አይቶ ነው።

አዘጋጆችን በረጅም ቅጽ ማማረር

የዕድር ጸሐፊ ወይም የትምህርት ቤት ክበብ ተጠሪ የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል ፈጥሮ ሃያ ጥያቄ እንዲሞላ ከተጠየቀ፣ መረጃውን ሳይልክ ይቀራል። ምን፣ መቼ፣ የት እና ስልክ ቁጥር የሚሉ አራት ሳጥኖች ለመነሻ ይበቃሉ፤ ቀሪውን የድረ ገጹ ሠራተኛ ደውሎ ይጠይቅ፣ መልእክቱም በደረሰ ዕለት መልስ ይሰጥበት።